"ለስላሳ ጠጥተህ መቀመጥ አትችልም?" ስለ ጂሲ ፓርቲ፣ ስለ መዋጮና ስለ ሙስሊም ተማሪዎች ማብራሪያ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የምርቃት ወቅት ሲቃረብ በየባቹ (አብሮ በገባው የተማሪ ቡድን) ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የማይቀር አንድ ጭቅጭቅ አለ። የጂሲ (የተመራቂ ክፍል) ፓርቲ ኮሚቴው የመዋጮውን ብርና የሆቴሉን ስም ይለጥፋል፣ ትንሽ ቆይቶ አንዱ "መጠጥ አለ እንዴ?" ይላል፣ ሌላው "ካልፈለክ ለስላሳ ጠጣ፣ ማን አስገደደህ" ብሎ ይመልሳል፣ ከዛ ወሬው ወደ ሃይማኖት ይዞርና ሪፑ (የክፍል ተወካዩ) ግሩፑን ይቆልፈዋል። በመጨረሻ ሙስሊሞቹ ለብቻቸው ምሳ በልተው ፎቶ ይለጥፋሉ፣ ሌሎቹም ማታ ሆቴል ገብተው ፎቶ ይለጥፋሉ፣ አራት አምስት ዓመት አንድ ክፍል የተማሩ ልጆች በዚህ ተኮራርፈው ይመረቃሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ ከዚህ ጸብ አብዛኛው ከክፋት የመጣ አለመሆኑ ነው፣ አንዱ ወገን ሌላው ምን እያለ እንደሆነ በደንብ አልገባውም። ስለዚህ ከመሠረቱ ጀምሬ ላስረዳ።

ከአልኮል ነፃ ቦታ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው ተሰብስቦ የሚጫወትበት፣ የሚበላበት፣ የሚተዋወቅበት፣ ግን አልኮል የማይሸጥበት፣ የማይቀዳበትና ይዘውት የማይገቡበት ቦታ ወይም ፕሮግራም ማለት ነው። በቃ ይሄው ነው። ፕሮግራም ያልኩት አንድ አዳራሽ ከሰዓት ከአልኮል ነፃ ሆኖ ማታ ላይ ላይሆን ስለሚችል ነው፣ ሕንፃ መቀየር ወይ ሆቴል መዝጋት አይጠይቅም።

መስጊድ ማለት አይደለም፣ የጀመዓ (የሙስሊም ተማሪዎች ኅብረት) ፕሮግራም ማለትም አይደለም፣ ዳዕዋ (የሃይማኖት ስብከት) አይደረግበትም። ሙዚቃ ሊኖር ይችላል፣ ጨዋታ ሊኖር ይችላል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ምንም የማያምነውም እኩል ይገባል። ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ "ለሙስሊም ብቻ የተለየ ቦታ" እየመሰለው ነው የሚቆጣው፣ ሐሳቡ ግን ተቃራኒው ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ መፈለግ ነው።

ወሬው ከሚነሳባቸው አገሮች አንዱ እንግሊዝ ነው። እዛ የተማሪ ማኅበሩ ሕንፃ ውስጥ ራሱ ባር አለ፣ የመጠጥ ዕድሜ 18 ስለሆነ አዲስ ተማሪ ገና ከመግባቱ የመጀመሪያዋ ሳምንት ከባር ባር በመዞር ታልፋለች፣ ጓደኛ የሚያዘውም እዛ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የለንደን ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ የነበሩት ማልኮም ጊሊስ ከተማሪዎቻቸው አንድ አምስተኛ ያህሉ ሙስሊም ስለሆኑ የግቢው የተወሰነ ክፍል ከአልኮል ነፃ ቢሆን ብለው ሐሳብ አቅርበው ትልቅ ክርክር ተነስቶ ነበር። ከዛ ወዲህ አንዳንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች አልኮል የማይገባበት ዶርም እስከ ማዘጋጀት ደርሰዋል። የኛ ነገር ግን ከዚህ ይለያል፣ የእንግሊዙን መፍትሔ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ብዙም የማይጠቅመን ለዛ ነው።

እኛ ጋ እኮ ግቢ ውስጥ መጠጥ ክልክል ነው፣ ታዲያ ችግሩ የት ነው?

ጥያቄው ትክክል ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የዲሲፕሊን መመሪያ ግቢ ውስጥ አልኮል ይዞ መግባትም ሰክሮ መገኘትም ያስቀጣል። ስለዚህ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴውን ግቢ ብትሉ ኮምቦልቻ ያለውን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በወረቀት ደረጃ ግቢው ራሱ ከአልኮል ነፃ ቦታ ነው።

ችግሩ ግቢው ውስጥ ማታ የሚሠራ ነገር አለመኖሩ ነው። ላይብረሪ አለ፣ ዶርም አለ፣ ላውንጅ አለ፣ ኳስ ያለ ቀን ደግሞ ቲቪ ክፍል። ባቹ አንድ ላይ ሆኖ የሚዝናናበት ሰፊ ቦታ ሲያስፈልግ ሁሉም ከጌት ይወጣል፣ ከጌት ውጪ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው መመሪያ አይደርስም። ልብ ብላችሁ ካያችሁት እንግሊዝ ተማሪው የሚያኮርፈው ግቢው ውስጥ ባር ስላለ ነው፣ እኛ ጋ ግን ግቢው ባዶ ስለሆነ ጨዋታው ሁሉ ወደ ባር ሄዷል።

ከተማው ደግሞ የራሱ ባሕርይ አለው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ ደጅ ተቀምጦ መጫወት ከባድ ነው፣ ግድ ቤት ውስጥ መግባት አለብህ። ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ 20 ምናምን ኪሎ ሜትር ላይ ብትሆንም ብዙ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፣ ደጅም ያስቀምጣል፣ ግን የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፣ ማታ ላይ ወንበር ዘርግቶ የሚጠብቅህ ቤት አብዛኛው ቢራ ቤት ነው። ኬክ ቤቱና ጁስ ቤቱ በጊዜ ይዘጋል፣ ሃምሳ ስድሳ ሰውም አይችልም። አዳራሽና ሳውንድ ሲስተም ያለው ሆቴል ነው፣ ሆቴሉ ደግሞ አዳራሹን በርካሽ የሚሰጥህ ከመጠጡ ስለሚያተርፍ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ማንም ክፉ ሳያስብ የባቹ ፕሮግራም ወደ መጠጥ ቤት ይገባል።

መጠጥ የሌለበት ሌላው ቤት ጫት ቤት ነው። ስለሱ በግልጽ ልናገር፣ ጫት ቤትን "ከአልኮል ነፃ አማራጭ" ብሎ ማቅረብ ልክ አይመስለኝም። ሴቶቹ አይገቡም፣ የማይቅመው አይገባም፣ ከሰዓቱን ሙሉ ይበላል፣ አንዱን ችግር በሌላ መተካት ነው።

ለስላሳ ጠጥቶ መቀመጥ ለምን አይበቃም?

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ዋናው አለመግባባት ያለው እዚህ ነው።

ብዙ ክርስቲያን ጓደኞቻችን የሙስሊም ክልከላ ስለ አፍ ብቻ ይመስላቸዋል። አልጠጣህም አይደል፣ በቃ ምን ቸገረህ። በእስልምና ግን ነገሩ ከዛ ይሰፋል። መጠጣቱ ራሱ በቁርኣን አል-ማኢዳ ምዕራፍ ቁጥር 90 እና 91 ላይ የተከለከለ ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ከሱ ቀጥሎ የሐዲስ ሰብሳቢው ቲርሚዚ የዘገቡት ሐዲስ (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግር) አለ፣ በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው መጠጥ የሚዞርበት ማዕድ ላይ አይቀመጥ የሚል ነው። ማዕዱ ላይ ማለት ነው እንግዲህ፣ ያንተ ብርጭቆ ውስጥ ኮካ ይኑር ውሃ ይኑር ለውጥ የለውም። ሌላም አለ፣ ቲርሚዚና ኢብን ማጃህ የዘገቡት፣ ከመጠጥ ጋር በተያያዘ የተወገዙ አሥር ሰዎችን የሚቆጥር ሐዲስ። እዛ ውስጥ ጠጪው ብቻ አይደለም ያለው፣ ጠማቂውም፣ ተሸካሚውም፣ ቀጂውም፣ ሻጩም፣ ገዢውም አለ።

አሁን ይሄን ይዛችሁ ወደ ጂሲ መዋጮ ኑ። እንበልና ኮሚቴው ከያንዳንዱ ሰው 2,000 ብር ሰበሰበና ከዛ 700ው ለቢራ ዋለ። ኮካ ጠጥቶ ወደ ቤቱ የሄደው ሙስሊም ልጅ አልጠጣም፣ ግን ገዝቷል። እሱ "መዋጮው ላይ ችግር አለብኝ" ሲል ብር የሰሰተ ይመስላችኋል፣ እሱ ግን የሚያስጨንቀው የራሱ ብር ቢራ መግዛቱ ነው። ይሄንን ግሩፕ ላይ ሁሉ ሰው እያየ ማስረዳት ደግሞ ያሳፍራል፣ ስለዚህ ብዙዎቹ "ቤተሰብ ጋ ልሄድ ነው" ብለው ዝም ብለው ይቀራሉ።

ሁሉም ሙስሊም ተማሪ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ቢራ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚጫወት አለ፣ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ ራቅ ብሎ የሚቀመጥ አለ፣ በሩንም የማይረግጥ አለ፣ የሚጠጣም አለ። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚነግሩን ዑለማዎች ናቸው። አብሮ ለሚያዘጋጅ ሰው የሚጠቅመው ግን "እገሌ ሙስሊም ሆኖ ይቀመጣል፣ አንተስ ምን ሆንክ" የሚለው ማወዳደር ማንንም ከቤቱ እንደማያስመጣ ማወቁ ነው።

ፎቶውንም አትርሱ። ከወረባቦ ወይም ከቃሉ ወረዳ የመጣች ሒጃብ የለበሰች ልጅ ጠርሙስ በተደረደረበት ጠረጴዛ ጥግ ቆማ በተነሳችው ፎቶ ታግ ስትደረግ፣ ፎቶው ከደቂቃዎች በኋላ ወንድሟ ስልክ ላይ ነው ያለው። እሷ ያን ቀን ውሃ ነበር የጠጣችው፣ ፎቶው ግን ያንን አይናገርም። ለወንዶቹ ቀላል የሚመስለው ነገር ለሴቶቹ "ከዚህ በኋላ ግቢ አትመለሺም" የሚያስብል ሊሆን ይችላል፣ ለዛ ነው ሴቶቹ ከወንዶቹ በፊት የሚጠፉት።

እና ቢቀሩ ምን ይቀርባቸዋል፣ አንድ ማታ አይደል?

አንድ ማታ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የጂሲ ፓርቲ መጨረሻው ነው፣ ነገሩ የሚጀምረው ከፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች) ዌልካም ፕሮግራም ነው። እዛ ያልመጣ ልጅ ሲኒየሮቹን አይተዋወቅም፣ ሲኒየር ያላወቀ ያለፉ ዓመታት ፈተናና ወርክሺት ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ግሩፕ አሳይመንት ሲመጣ ሰው የሚመርጠው አብሮት የሳቀውን ነው፣ ተመርቀው ሲወጡም "እኛ ቢሮ ቦታ ተከፍቷል ሲቪህን ላክልኝ" የሚባለው በመዝናኛ ሰዓት የተሳሰረ ጓደኛ ነው። ይሄ ሁሉ በየትኛውም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፣ ወንበር ላይ ነው የሚያልፈው።

ከሌላኛው ወገንም ይጎድላል። አርባ ስድሳ ሙስሊም ክፍል ውስጥ እያለ አንድ ሙስሊም ጓደኛ ሳይኖረው ተመርቆ የሚሄድ ልጅ አለ፣ ወሎ ተምሮ! 

"ራሳቸው ናቸው የማይመጡት" የሚባለው እውነት ነው?

የመጀመሪያውን ቀን አዎ። አንድ ጊዜ ተጠርቶ መጠጥ ቤት ስለሆነ ቀረ። ሁለተኛ ጊዜ "እሱ እንደሆነ አይመጣም" ተባለና አልተጠራም። ሦስተኛ ላይ የመጠጡ ልጆች የራሳቸው ግሩፕ ከፈቱ፣ እሱም የጀመዓ ልጆች ጋ ሄደ፣ እዛ ምግቡም ወሬውም ይመቸዋል። አራተኛ ዓመት ላይ ሁለቱም "እነሱ ናቸው የተለዩት" ይላሉ፣ ሁለቱም የሚያሳዩት ማስረጃ አላቸው።

ጀመዓው፣ የኦርቶዶክሶቹ ግቢ ጉባኤ፣ የፕሮቴስታንቶቹ ፌሎሺፕ ለተማሪ ብዙ ነገር ናቸው፣ ከቤቱ የራቀ ልጅ የሚደገፍባቸው ናቸው፣ እኔም አከብራቸዋለሁ። ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ልጆች ነው የሚያገናኙት፣ የክፍል ጓደኝነትን መተካት አይችሉም፣ ሥራቸውም አይደለም።

ጉዳዩ የሙስሊም ብቻ ነው?

አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደቡብ ወሎ ዞን ውስጥ ከመቶ ወደ 71 የሚሆነው ሕዝብ ሙስሊም ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ግን ተማሪ የሚመደብለት ከመላ አገሪቱ ስለሆነ ክፍሉ ውስጥ ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከክፍሉ ውስጥ ደግሞ ፕሮቴስታንቱም አብዛኛው አይጠጣም። ኦርቶዶክሱ በጾም ወቅት ራሱን የሚቆጥብ አለ። በ2017ም ሆነ በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በየካቲት በቀናት ልዩነት ነው የገቡት፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ክትፎና ቢራ ያለበት የባች ፕሮግራም መጥራት ግማሹን ክፍል አትምጣ ማለት ነው። መድኃኒት የሚወስድ አለ፣ ቤቱ ውስጥ በመጠጥ የተጎዳ ሰው ስላለ ሽታውም የሚከብደው አለ፣ ብር የሌለው አለ፣ ለማቆም እየታገለ ያለም አለ፣ እሱ ምክንያቱን ለማንም አይናገርም።

ሕግም አለ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ፍሬሽማን ሲገባ 18 ወይ 19 ዓመት ነው፣ ስለዚህ የዌልካም ፓርቲ ላይ ቢራ የሚታደላቸው ልጆች አብዛኞቹ ሃይማኖታቸው ምንም ይሁን ምን በሕግ ሊሸጥላቸው የማይገባ ናቸው። ይሄን አዋጅ የሚያውቅ የዌልካም ኮሚቴ ቢኖር ክርክሩ ግማሹ እዛው ያልቅ ነበር።

ሃይማኖትን ግቢ ማስገባት አይሆንም?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፣ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል፣ አንቀጽ 27 ደግሞ የእምነት ነፃነትን ይጠብቃል። እነዚህ ሦስቱ ከጂሲ ፓርቲ ጋር አይጋጩም። ቢራ የሌለበት ፕሮግራም ላይ ማንም አይሰግድም፣ ማንም አይሰበክም፣ የቀረ ነገር ቢኖር አንድ የመጠጥ ዓይነት ነው። ክፍል ውስጥም ቢራ የለም፣ ማንም ግን ክፍሉ ሰለመ አይልም።

የሚጠጡት ልጆች መብትስ?

አላቸው፣ ዕድሜያቸው ከደረሰ። ማንም "አትጠጡ" አላለም፣ አንዳንዱ ሙስሊም ተማሪም ግሩፕ ላይ ሲጽፍ ቁጣ ቀድሞት የሌላውን መጠጥ ወደ ማውገዝ ይሄዳል፣ እሱ ክርክሩን ያበላሻል እንጂ አይጠቅምም። የሚጠየቀው የጋራው ፕሮግራም በጋራ ብር የጋራ እንዲሆን ነው። ከዛ በኋላ መጠጣት የፈለገ በራሱ ብር በራሱ ሰዓት ይሂድ።

ቤታችን እንዴት ነው የሚደረገው?

እኔን የሚገርመኝ ይሄን ነገር ወሎ ውስጥ እንደ አዲስ ችግር መወያየታችን ነው። ሠርግ አስቡት። ክርስቲያን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ በግ ወይ በሬ ይመድባል፣ የሚያርደው ሙስሊም ነው፣ ወጡን የሚሠሩት ሙስሊም እናቶች ናቸው፣ ድስቱም ጭልፋውም ከነሱ ቤት ይመጣል፣ የሚቀመጡበት ዳስ ይታወቃል፣ እዛ ጠላ አይዞርም፣ ብርዝ ወይ ቃሪቦ ወይ ለስላሳ ነው የሚቀዳው። ሙስሊም ሲድርም ለክርስቲያኖቹ እንደዛው። ቅሬውም (እድሩም) ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው፣ ሰው ሲሞት የሚቀብረው አንድ ላይ ነው።

ደጋሹ እንግዳውን በር ላይ ጠብቆ "አንተ ምን ትበላለህ፣ ምን ትጠጣለህ" አይለውም። ገና በጉ ሳይገዛ፣ ጌሾው ሳይወቀጥ ያውቀዋል፣ የሙስሊሞቹ ድርሻ ከበጀቱ ላይ መጀመሪያ ይቀመጣል። እንግዳው ምንም ሳይጠይቅ፣ ምንም ሳያስረዳ ገብቶ ይቀመጣል። የጂሲ ኮሚቴ ልዩነቱ ይሄ ነው፣ ሆቴሉን ይዞ፣ ብሩን ከፍሎ፣ ሜኑውን ጨርሶ ከዛ በኋላ ነው "የማይጠጣ ካለ ይናገር" የሚለው። የተናገረው ልጅ ያኔ አስቸጋሪ ይሆናል።

በተግባር ምን ማድረግ ይቻላል?

ሰዓቱ ብዙ ይፈታል። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያልቅ ፕሮግራም ሴቶቹን ከመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ሰላት) በፊት ዶርም ያስገባል፣ የደሴን ብርድም ያመልጣል፣ ሆቴሎችም በዛ ሰዓት አዳራሻቸው ባዶ ስለሆነ ዋጋ ላይ ይደራደራሉ። መሐል ላይ ለዐስር (ከሰዓት በኋላ ለሚሰገደው) ሰላት የሚሆን አጭር እረፍት ማድረግ በቂ ነው፣ ማስታወቅም አያስፈልግም፣ ኬክ የሚቆረጥበትን ወይም ዲጄው የሚያርፍበትን ሰዓት እዛ ላይ ማድረግ ነው። አርብ ከሆነ ግን ከጁሙዓ በኋላ ይጀመር።

ምግብ ላይ ስጋ ከገባ ሁለት መስመር ነው፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን እርድ አይበላም፣ ብዙ ክርስቲያንም የሙስሊም እርድ አይበላም፣ ስለዚህ ሁለት ስጋ ቤት፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጠረጴዛ ያስፈልጋል፣ ወጪውም ሁለት። ባለፈ ልምድ የሚሠራው ቀላሉ ነገር የጾም በያይነቱ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አልጫ፣ ሰላጣ፣ ማንም ከማንም ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ርካሽም ነው። ስጋ የሌለበት ድግስ ድግስ አይደለም የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፣ ግን አንድ ትሪ ላይ አብሮ መብላት ከስጋው የሚበልጥ ይመስለኛል፣ በተለይ ለመጨረሻ ጊዜ የሚገናኝ ክፍል።

መጠጡ ላይ ለስላሳና ውሃ ለማንም አይከብድም። ቡና ይፈላ፣ ወሎ ሆነን ቡና ሳይፈላ ፕሮግራም ተደረገ ማለት ራሱ ይከብዳል። ቃሪቦ የሚያዝ ካለ በዛው ቀን የደረሰ ይሁን፣ ከተቆላ ገብስ፣ ከስኳርና ከእርሾ ስለሚሠራ ቀናት ከቆየ ይቦካል። የማልት መጠጥና ከአልኮል ነፃ ቢራ አንድ አይደሉም፣ በብዙ አገር "ከአልኮል ነፃ" ተብሎ የሚሸጥ ቢራ እስከ 0.5 ከመቶ አልኮል ሊኖረው ይችላል፣ ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ 0.0 መሆኑ ይነበብ፣ እሱንም ቢሆን የቢራ ጠርሙስ ስለሚመስል የማይወድ አለ፣ አይገፋ።

ቦታውን በተመለከተ አዳራሽ የግድ አይደለም። ጦሳ ተራራ በጠዋት ወጥቶ ቁርስ በልቶ መውረድ ይቻላል፣ ሐይቅ ከተማ ሄዶ መዋል ይቻላል፣ ደሴ ላሉት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አውቶቡስ ተከራይቶ ደርሶ መልስ ነው። እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር ይታሰብ፣ ጉዞው ከአልኮል ነፃ ተብሎ ወጥቶ ሲመለሱ መንገድ ላይ ግሮሰሪ የሚቆም ከሆነ ግማሹ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሌላውን ይጠብቃል፣ ከዛ በኋላ ያ ልጅ ሁለተኛ አብሯችሁ አይወጣም። የዲፓርትመንት ዋንጫ፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ግቢው ውስጥ አዳራሽ ተፈቅዶ የባህል ልብስ ቀን፣ እነዚህ ሁሉ አሉ፣ ብዙ ብርም አይጠይቁም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በበኩላቸው ላውንጅና አንድ አዳራሽ ቅዳሜ ማታ እስከ 3 ሰዓት ክፍት ቢያደርጉ ከጌት የሚወጣው ሰው ይቀንሳል፣ ይሄ የተማሪ ኅብረቱ በደብዳቤ ሊጠይቀው የሚችል ነገር ነው።

ኮሚቴውን ስትመርጡ ደግሞ የማይጠጣ ሰው ይኑርበት። ሙስሊም ብቻ ሳይሆን ፕሮቴስታንትም፣ ሴትም። ያልጠጣ ሰው ሆቴል ሲመርጥ ሌላ ነገር ነው የሚያየው፣ መብራቱን፣ መመለሻውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ሰላት የሚሰገድበት ጥግ መኖሩን።

ብሩ ተሰብስቦ ሆቴሉ ከተያዘ በኋላስ?

ብዙዎቻችሁ አሁን እዚህ ላይ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ያኔም ቢሆን ይቻላል። የመዋጮውን ሒሳብ ለሁለት ክፈሉት፣ አዳራሽ፣ ምግብ፣ ዲጄ፣ ኬክና ፎቶ በአንድ ወረቀት፣ መጠጥ በሌላ ወረቀት፣ የመጠጡን ድርሻ የማይፈልግ ሰው ሳይጠየቅ ይመለስለት፣ ሁሉም ሰው ስሙን የመጀመሪያው ላይ፣ መጠጥ የሚፈልግ ደግሞ ሁለተኛውም ላይ እንዲጽፍ አድርጉና ምክንያት አትጠይቁ። ከሆቴሉ ጋር ተነጋግራችሁ የመጠጡን ሰዓት ከፕሮግራሙ ማብቂያ በኋላ አድርጉት፣ የጋራ ፎቶው፣ የኬኩና የሽልማቱ ነገር ከዛ በፊት ይለቅ። የባቹ ፎቶ የሚነሳበት ጠረጴዛ ላይ ጠርሙስ አይኑር። ይሄን ለውጥ ግሩፑ ላይ ስትለጥፉ "ሙስሊሞች ስለጠየቁ" ብላችሁ አትጻፉ፣ "ፕሮግራሙ 8 ሰዓት ይጀምራል፣ የመጠጥ መዋጮ ለብቻ ነው" ብቻ በሉ። የቀሩትን ልጆች ደግሞ ግሩፕ ላይ ሳይሆን በስልክ ደውሉላቸው።